ዜሮ ተብሎ ስለተመዘገበው የባለቤቴ ሕመም

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከሚሴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ስላልተሰማት ሕመም ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ አክብሮትና ትሕትና ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በሥርዎ ያሉት ሠራተኞችም ሁሉ ደህና ናችሁ ወይ? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ሆድዎን፣ ወገብዎን፣ ትከሻዎን ይጠብቅልዎ። ምናልባት አንድ ቀን የሚያምዎ ነገር ቢገጥምዎ ደግሞ፣ ሕመምዎን የሚጠይቅዎ ባለሙያ ብቻዎን ሆነው እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህ ምኞት ለምን ከሰላምታው ጋር እንደገባ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይረዱታል።

እኔ ጀሚል ሙሀመድኑር እባላለሁ። ከሚሴ በፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጃንጥላ ይዤ ለሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። የወሰን ክርክሩ፣ ውርሱ፣ ፍቺው፣ በጨፋ ሜዳ የጠፋችው ጊደር፣ ሁሉም በእኔ እጅ አልፏል። ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አቀራረቤ ላይ ጉድለት ቢያገኙ የለመድኩት የሌላውን በደል መጻፍ መሆኑን ቆጥረው እንዲያልፉኝ እለምናለሁ። የሆስፒታሉንም ሆነ የከተማውን ስም ያልጠቀስኩት ለክብርዎ ስል ነው። ሌላ ሆስፒታል አንብቦት እኔን ነው ብሎ ቢደነግጥም ጉዳት የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ረቢአ ቃሲም አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟን የጻፍኩት በፈቃዷ ነው፤ ስጠይቃት «ስሜን ጻፈው፣ የሌላ ሴት ነገር እንዳይመስላቸው» ብላኛለች። ባለፈው ሰኔ ትልቁ አንጀቷ ላይ እጢ ተገኝቶ ወደ እናንተ ተላከች፤ ሐኪሞችዎም ሆዷን በሰፊው ሳይቀዱ፣ በጥፍር ስፋት ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተው እጢውን ቆርጠው አወጡላት። በዚህ ላይ ምንም ቀልድ የለኝም። እጢው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በኋላ ነግረውናል፤ እጃቸው ይባረክ። የተሰፋው አንጀት እስኪጠግ ሲባል ግን ከዚያ በላይ ያለውን አንጀት በሆዷ ላይ አውጥተው ከረጢት ገጠሙላት፤ በአራተኛው ወር በሌላ ቀዶ ጥገና ወደ ቦታው እንመልሰዋለን ብለውም ቀጠሮ ሰጧት።

አራተኛው ወር ደረሰ። ቀጠሮዋ ጥቅምት 26 ነው። ረቢአ አልሄድም ብላለች።

ከረጢቱን ወዳው አይደለም። ረቢአ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ከአፋሩም ከደገኛውም ጋር ተከራክራና ተሳስቃ የምትመለስ ሴት ነበረች፤ ከሰኔ ወዲህ ግን መኪና ውስጥ ቢፈስብኝስ እያለች አንድ ቀን ባቲን አላየችም። ሰርግ ቤት በር አጠገብ ትቀመጣለች። ሶላቷ እንደማይበላሽ የመስጊዱ ሼህ ደጋግመው ቢነግሯትም ትጠራጠራለች። ይህን ሁሉ አውልቃ መጣል እየቻለች ለምን እምቢ እንዳለች ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ሽማግሌ ብልክባት አንድ መልስ ብቻ ነው የሰጠችኝ፦ «ቢላዋውን አይደለም የምፈራው። እንደዚያ ተቀምጬ መሳቅ ነው የማልችለው።»

«እንደዚያ» ያለችው ምን እንደሆነ፣ ሆስፒታልዎ ካደረገላት ውለታ ጋር አያይዤ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ቱቦው። በመጀመሪያ ሰው ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ኢርፋን የሚባል የሰመመን ባለሙያ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ጀርባዋ ላይ በአከርካሪዋ አጠገብ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ እንደሚያስገባ፣ መድኃኒቱ በማሽን ጠብ እያለ ከደረቷ በታች ያለውን ብቻ እንደሚያደነዝዝ አስረዳት። «እኅቴ፣ ይሄ ሦስት ቀን ይቆይልሻል። አእምሮሽን አይወስደውም፣ አንጀትሽንም አያስተኛብሽም። ብቻ ሲያምሽ ንገሪን፤ ካልነገርሽን አናውቅም» አላት። ረቢአም እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰምታ ተገረመች። ከቀዶ ጥገናው በወጣችበት ቀን አመሻሹ ላይ ሾርባ ጠጥታ፣ ስለ ሸሚዜ ቁልፍ አሹፋብኝ፣ ከአልጋዋ ወርዳ አራት እርምጃ ሄደች። ተኝታ ስትቆይ ሕመሙ እምብዛም እንዳልሆነ፣ ስትነሳ ግን እንደሚወጋት ለእኔ ነገረችኝ። አንድ ሰው ሆዱን ተቀዶ እንዲህ መሆን ከቻለ ዘመኑ መልካም ነው ብዬ ለዘመዶቻችን ስልክ ደወልኩ። መደወል አልነበረብኝም።

2. ስለ ሰዓቱ። ሆስፒታልዎ በሽተኛ የሚጠየቅበትን ሰዓትና የበሽተኛው ሕመም የሚለካበትን ሰዓት አንድ ላይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ማድረጉን ያደነቅሁት በማግስቱ ነው። ይህን ያቀደው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ለብቻው ምስጋና እጽፍለት ነበር። በዚያ ሰዓት ከጨፋ ሮቢት አሥራ አራት ሰው በሚኒባስ መጣ። በእኛ ዘንድ በሽተኛ አንድ በአንድ፣ ሁለት በሁለት አይጠየቅም፤ እንደዚያ ማድረግ ንቀት ነው። ዘበኛው ሁለት ሁለት ብቻ ግቡ ቢልም፣ ከፊት የነበረው አባቴ ሼህ ሙሀመድኑር ስለነበረና አባቴ ደግሞ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ስለሆነ፣ ዘበኛው ምርቃት ተቀብሎ ሁሉንም አስገባቸው።

እዚህ ላይ ለእርስዎ እንግዳ ሊሆን የሚችል አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ ተኝታም አትጠብቀውም። ረቢአ እኔን ካገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አባቴ ፊት ሻሿ ወርዶ አያውቅም። ሦስት ልጆቻችንን ስትወልድ አባቴ ከግድግዳው ማዶ መቁጠሪያውን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ሕፃኑ እስኪያለቅስ ድረስ አንድም ድምፅ አልሰማም። ይህን ለሰው ሁሉ ያወራዋል። «የኔ ምራት ስትወልድ ጎረቤት አይሰማም» እያለ በሰርግም በለቅሶም ሲያወድሳት ኖሯል፤ እሷም ይህን ውዳሴ እንደ ጌጥ ለብሳው ኖራለች።

እናም አባቴ ከበሩ ብቅ ሲል ረቢአ ሻሿን አስተካክላ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ ትናንት የተቀደደ ሆዷን ይዛ ተነስታ ተቀመጠች። አሥራ አራቱን ሰው በየተራ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ»፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ አለች። የአንዱን ላም፣ የአንዷን ልጅ ፈተና ጠየቀች። አባቴ ዱዓ ሲያደርግ እጇን ዘርግታ አሚን አለች። በዚህ መካከል ነው ተረኛዋ ሲስተር ካርዷን ይዛ የደረሰችው።

3. ስለ ካርዱ። በካርዱ ላይ ስድስት ፊቶች ተሥለዋል፤ በአንደኛው ጫፍ ያለው ይስቃል፣ ከሥሩም ዜሮ ተጽፏል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ያለቅሳል፣ እሱም አሥር ነው። በመካከል ያሉት እንደየመጠናቸው ፊታቸውን አጨማደዋል። ማንበብ ለማይችል ሰው የታሰበ ሥራ ስለሆነ አላህ ይስጥልን። አባቴ ካርዱን ከሲስተሯ እጅ ተቀብሎ አገላብጦ አየውና «ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ በሰው ፊት የሚያለቅሰው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ረቢአም ሳቀች፤ ስትስቅ አንድ እጇ ብርድ ልብሱን ይዞ ነበር።

ከዚያ ሲስተሯ ካርዱን በአባቴ ትከሻ ላይ አሳልፋ ዘርግታ «እናቴ፣ የእርስዎ ሕመም የትኛው ጋ ነው?» አለቻት። ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በኋላ ምን ትሁን? አማቷ አሁን በሳቀበት ሰውዬ ላይ ጣቷን ታሳርፍ? ረቢአ ጣቷን በሚስቀው ፊት ላይ አሳረፈች። ሲስተሯም በፋይሉ ላይ ዜሮ ብላ ጻፈች። ሲስተሯን አልወቅሳትም፤ ያን ቀን ብቻዋን ሃያ ስምንት በሽተኛ ይዛ ነበር፤ አልጋው ሥር ለመድረስም ስድስት ዘመዶቼን ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት።

4. ስለ ማሽኑ። በሆስፒታልዎ ሕመሙ ዜሮ የሆነ በሽተኛ ማሽን አያስፈልገውም የሚል መመሪያ እንዳለ በዚያው ቀን ተማርን። ማሽኖቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውን፣ ሌላ በሽተኛም ከቀዶ ጥገና ክፍል እየወጣ መሆኑን ነገሩን። ለሌላው በሽተኛ ስለጠቀመ ደስ ብሎኛል፤ የእሱ ዘመዶች ከሩቅ አገር ሆነው ሳይደርሱ ቀርተው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። በስምንት ሰዓት ቱቦው ከጀርባዋ ተነቀለ። ዘመዶቼ በሰላም ገብተናል ብለው ከጨፋ ሮቢት በደወሉበት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መድኃኒቱ አለቀ።

ያየሁትን በዝርዝር አልጽፍም፤ የእሷ ነው። ይህን ያህል ግን ልበል። ረቢአ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ በኦሮምኛ ብቻ መናገር ጀመረች፤ እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን የምናወራው በእሱ ነው። «ጀሚል፣ ና ዱኩባ» አለችኝ፤ አመመኝ ማለቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስንኖር ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሮጬ የማታው ተረኛ ዘንድ ሄድኩ። ተረኛው ፋይሏን ገልጦ አሳየኝ፤ ዜሮ ይላል። ለዜሮ የታዘዘው ፓራሲታሞል ነው፣ እሱም ተሰጥቷል፤ ከዚያ በላይ የሚያዝዘው ሐኪም ደግሞ ጠዋት ነው የሚገባው። ትከሻዬን ገደለኝ ትላለች ብዬ ስነግረው፣ ትከሻዋን ማንም አልነካውም አለኝ። በሚቀጥለው ቀን እንደተረዳሁት በካሜራ ሲሠራ ሆድ በአየር ይነፋል፣ አየሩም እስኪወጣ ትከሻ ላይ ይወጋል፤ ጀርባ ላይ የሚገባው ማደንዘዣም እዚያ አይደርስም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በሕንጻው ውስጥ ነበራችሁ፤ እሱም ያን ቀን ተረኛ አልነበረም። ተረኛው ሲያሰናብተኝ በቅንነት «ጋሼ፣ ቀዳዳው እኮ ትንሽ ነው» አለኝ። ትንሽ መሆኑን ለረቢአ ነገርኳት።

5. ስለ ሳሉ። ኢርፋን በማግስቱ ጠዋት ገብቶ ጀርባዋን ባዶ ሲያገኘው ፊቱ ተለዋወጠ። ፋይሉን ገለጠ፣ ዜሮውን አየ፣ ቀጥሎም እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ተኝታ ነው ወይስ ስታስል የጠየቃችኋት?» ሆዱን የተቀደደ ሰው የሚጠየቀው ሲያስል፣ ሲገላበጥ፣ ሲነሳ ነው አለን፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ዜሮ ቢል ምንም አልተናገረም ማለት ነው አለን። ረቢአ ግን ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ አላሳለችም። እንዳያማት ትንፋሿን እንኳ ከጉሮሮዋ አላሳልፍ ብላ ነበር ያደረችው። አክታው ደረቷ ላይ ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። ትኩሳት ላለበት ሰው ቱቦውን በአከርካሪ አጠገብ መልሶ ማስገባት ስለማይቻል፣ ኢርፋን በሆዷ ጎንና ጎን ማደንዘዣ በመርፌ ይሰጣት ጀመር፤ ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ ጥቂት ሰዓት ሰው ትሆናለች። በአራት ቀን ትወጣላችሁ ተብለን የገባን ሰዎች በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወጣን። በአሥራ ሦስቱም ቀን ጠያቂ አልቀረም።

6. ስለ ሰሌዳው። የመውጫ ወረቀታችንን ለማስፈረም በመተላለፊያው ስንቆም፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ ጽሑፍ አነበብኩ። በዚያ ሩብ ዓመት በሆስፒታሉ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ዘጠና አራት በመቶው ያለ ሕመም ማገገማቸውን ይገልጻል። ከእነዚህ አንዷ አጠገቤ በግድግዳው ተደግፋ ቆማ ነበር። ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ገብቼ ያለኝን ስናገር በጣም በጨዋነት ተቀበሉኝ፣ ወንበርም ሰጡኝ፤ ፋይሉ ሲታይ ግን በሽተኛዋ ሕመም እንደሌላት ራሷ ያረጋገጠች ስለሆነ ቅሬታው መነሻ የለውም ተባልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ማስረጃ የሌለውን ሰው ማስረጃ አምጣ እያልኩ የመለስኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ነገሩ ሕጋዊ መሆኑን አልካድኩም።

ይልቁንስ ዶክተር፣ ይህ ግኝት በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ መቅረት የለበትም። ሌላው ዓለም ለማስታገሻ ማሽን ይገዛል፣ ባለሙያ ያሠለጥናል፣ መድኃኒት ያስመጣል። የእርስዎ ሆስፒታል ግን አንድ የሰማንያ ሦስት ዓመት አማትና አሥራ ሦስት ዘመድ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አልጋ ዙሪያ ከቆሙ ማንኛውም ሕመም ወደ ዜሮ እንደሚወርድ አረጋግጧል። ወጪው የአንድ ሚኒባስ ነው፣ እሱንም የሚችለው የበሽተኛው ቤተሰብ ነው። ግማሹ በሽተኛችሁ ከእኛ ወገን ስለሆነ የአማትም የዘመድም እጥረት አይገጥማችሁም።

7. ይህን ተራ ቁጥር ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን በጃንጥላዬ ሥር የሚቀመጥ ባለጉዳይ ሁሉ ከታሪኩ አንድ ነገር እንደሚያስቀር በሙያዬ አውቃለሁ፤ ያስቀረውም ሁልጊዜ ራሱ ያደረገውን ነው። እኔም ከተራ ቁጥር 3 ላይ አንድ ነገር አስቀርቻለሁ።

ሲስተሯ ዜሮውን ከመጻፏ በፊት ቆም ብላ ነበር። ተጠራጥራለች። ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እውነቷን ነው?» አለችኝ። እኔ የቆምኩት በአልጋው ግርጌ ነበር። ከብርድ ልብሱ ጫፍ የወጡት የረቢአ የእግር ጣቶች እንደ ጡጫ ተጨብጠው፣ ጥፍሮቿ ነጥተው እያየሁ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ እነዚያ ጣቶች መቼ እንደሚጨበጡ አላውቅም ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ስነሳ ይወጋኛል ብላ በዋዜማው ምሽት ለእኔ ነግራኛለች። እና እኔ «ረቢአ ጠንካራ ናት፣ ምንም የላትም» አልኩ። ድምፄንም ዝቅ አላደረግሁም፤ ለሲስተሯ ሳይሆን ለአባቴ ነበር የምናገረው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ዘመዶቼም ተያዩ። እኔም ኮራሁ።

ዜሮውን የጻፈው የእናንተ እስክሪብቶ ነው፤ ያስጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። የሰው ቃል እንዳይጎድል አድርጎ በወረቀት ማስፈር እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፣ የሚስቴን ቃል ከነካቴው አጠፋሁት። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኩት በደል ተከሳሹ ሁለት ነው። ይህ ግን የእናንተን ድርሻ አይቀንስም። ባል እንደሚዋሽ፣ ምራት እንደምትስቅ፣ አማት እንደሚመጣ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፤ በየቀኑ ታዩናላችሁ። እያወቃችሁ በዚያ ሰዓት ጠየቃችሁን፤ በዚያ ሰዓት የመለስነው መልስ ደግሞ ለሰሌዳችሁ አማረ።

እነሆ ልመናዬ። ቀጠሮዋ ሊደርስ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው እንደሚቀል ነግረውናል፤ ቢሆንም ሆድ እንደገና ይከፈታል። ረቢአ ስትመጣ ማደንዘዣው በጀርባዋም ይሁን በሆዷ ጎን ኢርፋን ወይም እንደ እሱ ያለ ሰው የሚበጀውን ያድርግላት፤ ከተገባላት ቀን በፊትም አይነቀልባት። ሕመሟ የሚጠየቀው ጠያቂ ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይሁን። ስታስል ጠይቋት፤ ተነሺ ብላችሁ ጠይቋት። ዜሮ ካለቻችሁ አትመኗት፤ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት። ከሁሉም በላይ ባሏን አትጠይቁ።

ይህን የመጨረሻውን የጨመርኩት እኔ አይደለሁም። ትናንት ከሰዓት ተራ ቁጥር 7ን አነበብኩላት። ከጨረስኩ በኋላም ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው፤ ማንበብ ትችላለች፣ ግን አላነበበችውም። ቀጥላ «እሄዳለሁ» አለች። ደስ ብሎኝ መኪና እንደማፈላልግ፣ ማንንም እንደማላስከትል፣ ብቻዬን እንደምወስዳት መናገር ጀመርኩ። «እኅቴ መሊካ ትወስደኛለች። አንተ እዚሁ ቅር» አለችኝ። እንደተቆጣችኝ ስለመሰለኝ ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ። አልተቆጣችም። ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ «አንተ ካለህ ደህና ነኝ እላለሁ» አለችኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፣ በጥቅምት 26 ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሃምሳ አራት ዓመት የሆነው፣ ሸበቶ፣ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ አንድ ሰው በሆስፒታልዎ በር ላይ ቆሞ ባለቤቴ ናት አስገቡኝ ቢል፣ ቢለምን፣ ቢያለቅስም እንኳ፣ ዘበኞችዎ እንዳያስገቡት ጥብቅ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ ነው። ምርቃት ቢያቀርብ እንዳይቀበሉት።

ለወትሮው ትዕግሥትዎ፣ ለሰጡኝ ወንበር፣ ለተነቀለው ቱቦ፣ ለአሥራ ሦስቱ ቀናት ምስጋናዬን ደግሜ ደጋግሜ እያቀረብኩ፣ አላህ በሥራዎ እንዲያጸናዎ፣ ከሕመምም ሁሉ እንዲያርቅዎ፣ ሊያርቅዎ ካልፈቀደ ደግሞ የሚያምንዎ ሰው እንዲያዝልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ጀሚል ሙሀመድኑር
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከሚሴ

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚው ቢሮ፣ መነሻ እንዲሆነው
በሚኒባሱ ለመጡት አሥራ አራት ዘመዶቼ፣ እንዲያውቁት

የተረሳ ካለ፦ በግልባጩ መሠረት ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ጨፋ ሮቢት ወርጄ ለአባቴ አነበብኩለት። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ በእናንተ ሆስፒታል ቡአውን በተቀደደ ጊዜ እኔና አራት ወንድሞቼ በስድስት ሰዓት አልጋውን ከበን ቆመን እንደነበር አስታወሰኝ። ያኔ ሕመሙን ሲጠይቁት ምንም የለኝም ብሎ የመለሰውን መልስ ለአምስታችንም ሲያወራ በኩራት እንሰማው ነበር። ዛሬ ግን «ጀሚል፣ በጣም አሞኝ ነበር» አለኝ። እባክዎ ይህ በተራ ቁጥር 8 ይመዝገብልን፤ አባቴ በዕድሜ የገፋ ስለሆነ መልስዎን ብዙ መጠበቅ አይችልም።